የዘመመ ጭነት

በአላህ ስም እጀምራለሁ፤ ልቦችን እንደ ፈቃዱ ለሚያዞር፣ የተበተነውንም ለሚሰበስብ ጌታ ምስጋና ይገባው።

በአንዲት ጥንታዊት የንግድ ከተማ ሸህ ሙዘይን የሚባሉ፣ በዕውቀትም በትዕግሥትም የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። የመስጊዱ ኢማም እርሳቸው ናቸው። ከኋላቸው ከሚሰግዱት አንዱ አረቡ ይባላል፤ ጨው በበቅሎ የሚያጓጉዝ የቅፍለት ጫኝ ነው።

አንድ ቀን በቀትሩ የዙሁር ሶላት ሸሁ «አላሁ አክበር» ብለው ግንባር ምድር ከሚነካበት ከሱጁድ ሲነሡ፣ የአረቡ ሐሳብ ከበቅሎቹ ጋር ዳገት ላይ ነበርና «መጭ!» ብሎ ጮኸ። ዙሁር በጸጥታ የሚሰገድ ነውና ቃሉ መስጊዱን ሞላው።

ሶላቱ እንዳበቃ ከጎኑ የነበረው ሸማኔ፣ «አረቡ፣ ሸህዬን እንደ በቅሎ ነዳሃቸው እኮ!» አለው። ሰዉ ሳቀ።

አረቡ ከዚያ ወዲያ መስጊድ ቀረ፤ በቤቱም መስገዱን ተወ። ሸህ ሙዘይን ይህን ሲሰሙ ቅፍለቱ ወደሚነሣበት ሜዳ ማልደው ወረዱ።

«ጠፋህ እኮ፣ ልጄ።»

«በምን ፊቴ ልምጣ፣ ሸህዬ? ግንባሬ ምንጣፍ ላይ፣ ልቤ በቅሎ ጀርባ ላይ። እንዲህ ያለውን ሶላት ለአላህ ከማቅረብ መተው ይሻለኛል።»

ሸሁ ከቅፍለቱ ጋር አብረው ተጓዙ። ዳገቱ ላይ የመሪዋ በቅሎ ጭነት ዘመመ። አረቡ ሮጦ በትከሻው ደግፎ አቃናው፤ መጫኛውንም አጠበቀ። ጥቂት እንደ ሄዱ ያው ጭነት ዳግመኛ ዘመመ፤ ዳግመኛም አቃናው።

«አራግፈኸው ለምን አትመለስም?» አሉት።

«ይቀልዳሉ እንዴ ሸህዬ? በዘመመ ቁጥር ከተራገፈማ ጨው ገበያ ደርሶ ያውቃል?»

«ታዲያ ለበቅሎ የታገሥኸውን ለልብህ ስለ ምን ነፈግኸው?»

አረቡም፣ «የእርስዎም ልብ ይዘማል?» ሲል ጠየቀ።

«ከፊት ቆሜም ይዘማል። ሶላቱን ጨርሼ እስካሰላምት ድረስ ሳቀናው ነው የምቆየው።»

በዙሁር ጊዜ ቅፍለቱ ወንዝ ዳር ዐረፈ። አረቡ በወንዙ ውሃ ታጥቦ ውዱእ አድርጎ ከሸሁ ኋላ ቆመ። በሶላቱ መካከል አንዲት በቅሎ አናፋች፤ ትከሻው ደንገጥ አለ፤ ዓይኑን ግን ወደ ሱጁዱ ስፍራ መለሰ።

ሲጨርሱ ሸሁ፣ «የዘመመ ይቃናል እንጂ አይራገፍም» አሉት።

እኔም እላለሁ፤ የአረቡ ጥፋት «መጭ» ማለቱ አልነበረም፣ መቅረቱ ነው እንጂ። ሸይጧን ሐሳባችን ሲባክን ደስ ቢለውም፣ አጥብቆ የሚሻው ከዚያ በኋላ አፍረን መተዋችንን ነው። የባከነን ልብ የሚመልስ ሰው ግን፣ በዚያው መመለሱ ጌታውን አስታውሷል።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ አላህ የዘመመውን ልባችሁን ያቃናላችሁ፤ ሶላታችሁንም ከደጁ አድርሶ ይቀበላችሁ። አሚን።