ከውኃ የሚለቀመው መዳብ

ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የቸኮለ ይለፍ፤ ተረት ነው።

አያ ደምለው የጨረር ቤት ጠራጊ ነበር። እዚያ ትልቅ ማሽን ጨረር ይተፋል፣ ጨረሩ ውኃ ይመታል፣ ከተመታው ውኃም መድኃኒት የሚሆን መዳብ በወንፊት ይለቀማል። ሚስቱ ይመኙሻል ጎኗ ላይ ዕጢ በቀለባት።

«አንዲት መርፌ ብቻ» አለችው።

«ሳላስወጋሽ አልቀመጥም» አለና ተነሣ።

ወደ ሐኪሙ ሄደ። «ሐኪም፣ ውጋልኝ!»

«በምን ልውጋ አባባ? መዳቡ ሲያድር ይከስማል፤ የባለፈው አልቋል።»

ወደ ወንፊቱ ሄደ። «ወንፊት፣ ልቀም! ሐኪም ያለ መዳብ አልወጋም አለ።»

«ውኃ ሳይፈስብኝ ምኑን ልልቀም?»

ወደ ውኃው ሄደ። «ውኃ፣ ፍሰስ! ወንፊት ያለ ውኃ አልለቅምም አለ፣ ሐኪም ያለ መዳብ አልወጋም አለ።»

«ጨረር ሳይመታኝ ባዶ ነኝ። ባዶዬን ብፈስ ምን ይረባሃል?»

ወደ ጨረሩ ሄደ። «ጨረር፣ ምታ! ውኃ ሳልመታ አልፈስም አለ፣ ወንፊት ያለ ውኃ አልለቅምም አለ፣ ሐኪም ያለ መዳብ አልወጋም አለ።»

«ቁልፍ ሳይዞር አልወጣም። ሂድ፣ ትርንጎን ለምናት።»

ትርንጎ ቁልፍ ያዧ ናት። «ልጄ፣ አዙሪ! ጨረር ያለ ቁልፍ አልወጣም አለ፣ ውኃ ሳልመታ አልፈስም አለ፣ ወንፊት ያለ ውኃ አልለቅምም አለ፣ ሐኪም ያለ መዳብ አልወጋም አለ፤ ይመኙሻል ትጠብቃለች።»

«አላዞርም አባቴ። ጨረሩ ወደሚተፋበት ዋሻ የገባ ሁሉ ከሚስማሩ ባጅ ያነሣል፣ ሲወጣ ይሰቅላል። አንዱ ሚስማር ባዶ ነው። ሰው ውስጥ ቀርቶ ቢሆንስ? ጨረሩ ይፈጀዋል። ሁለቴ ፈትሸን አጣነው።»

«ሦስተኛ እንፈትሻ!»

ገቡ። አያ ደምለው ቱቦ ሥር ሊያይ ጎንበስ ሲል ማተቡ ከደረቱ ወጣ። ከመስቀሉ ጎን ባጁ ተንጠልጥሏል።

«አባቴ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ጧት ስጠርግ… እንዳይጠፋብኝ ከማተቤ አሰርኩት።»

«እንኳን አልጠፋ!» ትርንጎ ሳቋ አመለጣት። «በሉ ይፍቱት።»

ቋጠሮው አልፈታም አለ። «መቀስ ላምጣ?»

«ማተብ አይቆረጥም!» አለና በቀሩት ሁለት ጥርሶቹ ያዘው። ጎተተ፣ አላበው፣ ደግሞ ጎተተ።

ቋጠሮ ተፈታ፣ ባጅ ተሰቀለ፣ ቁልፍ ዞረ፣ ጨረር መታ፣ ውኃ ፈሰሰ፣ ወንፊት ለቀመ፣ ሐኪም ወጋ።

ይመኙሻል ክንዷን እያሸች «ለአንዲት መርፌ ይህን ያህል? ምን ስትሠራ ቆየህ?» አለችው።

አያ ደምለው አጠገቧ ቁጭ አለ።

«ራሴን ስፈልግ።»