የጆሮ ሹሙ አህያ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጉም በእኩለ ቀን በሚወርድበት ተራራ ላይ፣ በጎችና ፍየሎች ሽማግሌውን አህያ የጆሮ ሹም አድርገው ሾሙት። በጉም ውስጥ ዓይን አይሠራማ። ሥራው አንድ ነው፤ ጅብ ሲመጣ ሰምቶ ጅቡን በኋላ እግሩ መርገጥ።

አህያም በሹመቱ ኮራ። «አያችሁ? እኔ ከተሾምኩ ወዲህ የአያ ጅቦ ድምፅ ጠፋ። ፈርቶኛል» ይል ነበር። ጉድ እኮ ነው! አያ ጅቦማ በየቀኑ ከጀርባው ይጮህ ነበር። የደከመው የአህያ ጆሮ ነው። በጎቹ ይህን ያውቃሉ፤ ግን «በስተርጅናው ለምን እናሳዝነው» ብለው ዝም አሉ። ዛጎሊት ፍየልን ጅብ ሲበላት እንኳ «ዘመድ ልትጠይቅ ሄደች» አሉት። እሱም «ሰላም በሉልኝ» አለ።

እመት ቀበሮ ግን ዝም ማለት አልሆነላትም። ጆሮው ሥር ተጠግታ «ጋሽ አህያ፣ ጆሮዎ እኮ ደክሟል» አለችው።

«ምን አልሽኝ? እኔ የጆሮ ሹሙ?»

«እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ከወዲያ ሆኜ ሦስት ጊዜ እጠራዎታለሁ። በሰሙ ቁጥር መሬቱን ይርገጡ።»

ጨፈነ። ጠበቀ፣ ጠበቀ። «ምነው ዘገየሽ?» ብሎ ዓይኑን ሲገልጥ ቀበሮ ጉሮሮዋን ይዛ ታስላለች፤ በጎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል።

አህያ ወደ በጎቹ ዞረ። «እና ዛጎሊትስ?» ብሎ ጠየቀ። አንዲት አሮጊት በግ በአገጯ ወደ ጅቡ ዋሻ አመለከተች። ያኔ ገባው። የዚያን ቀን ሣር አልቀመሰም።

ቀበሮን «ባትነግሪኝ ምን ነበረበት? ደስ ብሎኝ እኖር ነበር» አላት።

«እርስዎማ ደስ ብሎዎት ነበር። የሚያልቁት እነሱ ናቸው» አለችው።

በማግስቱ ተነሣና አሮጊቷን በግ ጠራት። «ከዛሬ ጀምሮ ፊት ለፊቴ ትቀመጫለሽ። ጅቡ ጀርባዬ ሥር ሲደርስ ማመስኳትሽን አቁሚ። የቀረውን ለእኔ ተዪው» አላት።

በሦስተኛው ቀን ጉም ወረደ። አያ ጅቦ መደበቁንም ትቶት ነበር። «እናንት የሰባችሁ በጎች፣ መጣሁላችሁ። ይሄ ደንቆሮማ አይሰማኝም» እያለ በአህያው ጀርባ በኩል ተንጎማለለ። አሮጊቷ በግ ጆሮዋን አቁማ ታመሰኳለች። አሁንም ታመሰኳለች። ከዚያ አፏ ቀጥ አለ።

የአህያው ሁለት እግር አያ ጅቦን አገጩ ላይ አገኘው። ሦስት ጥርሱን እዚያው ጥሎ ቁልቁል ተንከባለለ። ከታች ሆኖ «አንተ አትሰማም አልነበር እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

አህያው ምን እንዳለ አልሰማም። በጓ ጆሮው ሥር ተጠግታ ደገመችለት።

«አዎ፣ አልሰማም። ነገሩኝ እኮ!» ብሎ አናፋ።

ከዚህ የምንማረው መራራ እውነት አንድ ቀን ምግብ ቢያስጠላም መላ ለመፈለግ እንደሚያበቃ፣ ሳያውቁ መደሰት ግን ጅብን ብቻ እንደሚያጠግብ ነው።