ፀሐይን አንጠራም ያሉ አህዮች

አንድ ጊዜ፣ አንበሳና ላም በአንድ ቅጥር ያድሩ በነበረበት ዘመን፣ ኮረብታ ላይ የሚኖር የእንስሳት ማኅበር ነበር። አንበሳ ላሟን ሳይበላ እንዴት አደረ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ማኅበርተኛ ማኅበርተኛን አይበላም የሚል ሕግ ነበራቸው፣ ያከብሩትም ነበር። ቅጥሩንም ያጠሩት በአንድነት ነው፤ በሬው ግንዱን ጎትቶ፣ አህዮቹ እሾኹን ተሸክመው።

የማኅበሩ እምነት፣ ፀሐይ የምትወጣው ስለምትጠራ ነው የሚል ነበር። ስለዚህ ገና ጎህ ሳይቀድ ሁሉም ወደ ምሥራቅ ዞረው ይቆማሉ። አንበሳ ያገሳል፣ ላም እምቧ ትላለች፣ አህያ ታናፋለች። ፀሐይ ብቅ እስክትል ድረስ ከቦታ መነቃነቅ ክልክል ነው። አንዱ ጥሪውን ካቋረጠ ፀሐይ ወደ ኋላ ትመለሳለች ይባል ነበር።

ከማኅበርተኞቹ መካከል ዳለቻ የምትባል አሮጊት አህያ ነበረች። የልብ ጓደኛዋ ቡሬ የምትባል ላም ናት። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጎን ለጎን ቆመው ፀሐይን ጠርተዋል። ጥሪው ሲያበቃ ቡሬ የዳለቻን አንገት ትልስላታለች፤ ዳለቻም ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች።

አንድ ክረምት ክፉ ጉንፋን ገባና የማኅበሩን ድምፅ በሙሉ ዘጋው። አንድ ማለዳ ሁሉም አፋቸውን ቢከፍቱ ከሳል በቀር ምንም አልወጣም። እየተንቀጠቀጡ ጨለማውን አዩ። ፀሐይ ግን በሰዓቷ ወጣች።

ያን ቀን ክርክር ተነሳ። አንበሳና ብዙዎቹ፣ ሳላችንን ሰምታ ነው አሉ። ዳለቻ ግን ነገሩን ብዙ ቀን ስታላምጠው ሰነበተች። በመጨረሻ፣ ፀሐይ የምትመጣው ወድዳን እንጂ ጠርተናት አይደለም፤ የእኛ ድርሻ በዝምታ ጠብቆ ስትመጣ ማመስገን ነው አለች። አህዮቹ ሁሉ ቃሏን ተቀበሉ። አንበሳ፣ ሕግ ለአንዱ ከላላ ለሁሉም ይላላል ብሎ እምቢ አለ። አህዮቹም ያላመኑበትን ጥሪ መጥራት አልሆንላቸው አለ። በጥቅምት ወር ከኮረብታው ግርጌ ባለው ሸለቆ ለብቻቸው ሊቆሙ ወሰኑ።

ቡሬ እስከ ቅጥሩ በር ሸኘቻቸው።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ሰምተሻል» አለች። «እዚያ ታች ማን ያስጥልሻል?»

«እሱን እኔም አላውቀውም» አለች ዳለቻ። «ግን ቡሬዬ፣ አጠገብሽ ቆሜ በየማለዳው ልዋሽ?»

ቡሬ አንገቷን ላሰቻትና ተለያዩ።

አህዮቹ ከሄዱ በኋላ እመት ቀበሮ ወደ አንበሳ መጣች። ጌታዬ፣ ያ በር ክፍት ከሆነ ነገ በጎቹ፣ ከነገ ወዲያ ፍየሎቹ ይከተሏቸዋል፤ በእሾህ ይዝጉት አለችው። አንበሳ ልቡ ስላዘነ ምክሯን ሳይመረምር በሩን አስዘጋ። እመት ቀበሮም በቀጥታ ወደ አያ ጅቦ ሄዳ፣ አህዮቹ አሁን አጥር የላቸውም አለችው። ጅብ ከበላ ለእሷ የሚተርፍ አይጠፋማ።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይኼኛው በሚያውቁት አገር ነው ያለው። በጠራራ ፀሐይ ወደ ሸለቆው መጥቶ፣ እኔም እንደ እናንተ አምኛለሁ፣ ቁርበት አንጥፉልኝና አብሬያችሁ ልሁን አላቸው።

«የምን ቁርበት?» አለችው ዳለቻ።

አያ ጅቦ ትንሽ አሰበ። «የአህያ ቢሆን ይስማማኛል» አለ።

በእርግጫ ሸኙት። እመት ቀበሮ ይህን ስትሰማ ግንባሯን መታች። አንተ ሞኝ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ሂድ፤ ያን ጊዜ ትንፍሽ አይሉም፣ ቢበሉም የሚሰማቸው የለም ብላ መከረችው።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ አህዮቹ በዝምታ ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆመው ነበር። አያ ጅቦ ዘመዶቹን አስከትሎ መጣና አንዲት እርጉዝ አህያ በኋላ እግሯ ያዘ። አህያይቱ ተራገጠች እንጂ አልጮኸችም። ሌሎቹም በዝምታ እየተራገጡ ዳለቻን ያዩ ነበር። ዳለቻ የእርጉዟን የተገጠመ አፍ አየች። ዝም ያለችው እኔ ባስተማርኳት ቃል ነው አለች በልቧ። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ አናፋች።

ኮረብታው ላይ ጥሪው ተጋግሏል። ቡሬ በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የዳለቻን ድምፅ ለየችው። ዳለቻ ፀሐይ ሳትወጣ እንደማታናፋ ቡሬ ታውቃለች። ጥሪዋን አቋርጣ ከመስመር ወጣች።

«ቡሬ፣ ፀሐይዋ!» አለ አንበሳ።

«ፀሐይዋ ትቅርብኝ» አለች ቡሬ፤ በቀንዷ የበሩን እሾህ እየገፋች ወረደች።

አንበሳ ጨለማውን አየ። እሱ ዝም ካለ ዓለም በጨለማ እንደምትቀር ከልቡ ያምን ነበር። ይህን እያመነ፣ ፈርቶ፣ ግሣቱን በመሐል ቆርጦ ተከተላት። ራሱ በሩን ያስዘጋበት እሾህ ፊቱን ሞነጨረው። የቀረው ማኅበርም ጥሪውን ትቶ ከኋላው ወረደ።

ጅቦቹ አንበሳውን ሲያዩ እርጉዟን ለቀው እግሬ አውጭኝ አሉ። ቁጥቋጦ ሥር ትራፊ ስትጠብቅ የነበረችው እመት ቀበሮ ሁሉንም ቀድማቸዋለች።

ሁሉም እርጉዟን አህያ ከበው ቁስሏን ሲያዩ ጀርባቸው ሞቀ። ወደ ምሥራቅ የዞረ አንድም አልነበረም። ፀሐይ ወጥታለች።

አንበሳ ዞሮ ብዙ አያት። «ትናንት የጠራናት በቅቷት ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ።

ዳለቻ ልትከራከረው አልፈለገችም። «ይሆናል ጌታዬ» አለች። «ይልቅ ፊትዎ ደምቷል፤ ይቀመጡ።»

«ባል ባያስጥል ጎረቤት ያስጥላል» አለች ቡሬ፣ የጓደኛዋን አንገት እየላሰች።

አህዮቹ ወደ ኮረብታው አልተመለሱም፤ አንበሳም ሕጉን አልለወጠም። በሩ ግን ዳግመኛ አልተዘጋም። በየማለዳው ኮረብታው ይጠራል፣ ሸለቆው ዝም ይላል። ፀሐይ ስትወጣ አህዮቹ ለምስጋና ያናፋሉ፤ ያን ጊዜ አንዲት ላም በተከፈተው በር ወደ ታች ትወርዳለች።

ከዚህ የምንማረው፣ እምነት ቢለያየን እንኳ በመካከላችን ያለውን በር በእሾህ መዝጋት እንደማይገባንና የወዳጃችን ጩኸት ከራሳችን ጥሪ በላይ ሊሰማን እንደሚገባ ነው።