ድመቷ፣ ቀበሮዋና የጣሳው መድኃኒት

አንድ ጊዜ «ክረምት በመጣ ቁጥር ጀርባዬን የሚያሳክከኝ ለምን ይሆን?» የሚል ጥያቄ ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛ የኖረች ድመት ነበረች። የምትኖረው በእትዬ ተዋቡ ግቢ ነው፤ ሥራዋም ጎተራውን ከአይጥ መጠበቅ ነበር። ዓይን አፋር ስለነበረች ጥያቄዋን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

በሦስተኛው ዓመት ነገሩ ባሰ። ከወገቧ እስከ ጅራቷ ሥር ያለው ጸጉር ተመለጠ፤ ቆዳዋ ቀላ፤ እሷም እያከከች አቆሰለችው። ሐሙስ ጠዋት እትዬ ተዋቡ ሲያዩዋት ክው አሉ።

«ይህቺ ድመት ምን ነካት? ልጆቼ ላይ ቢጋባስ? እስከ ቅዳሜ ካልተሻላት ወንዝ አሻግሬ ነው የምለቃት!» አሉ።

ድመቷ ዝም ብላ አልተቀመጠችም ነበር። ወተቱ ይሆን ብላ ለብዙ ቀናት ወተት ተወች፤ አልተሻላትም። በአጥሩ ሥር የበቀለው ሳማ ይሆን ብላ መንገዷን ቀየረች፤ ማሳከኩ ያው ነው። አሁን ግን ቀኑ አጠረ። ዓይን አፋርነቷን ዋጥ አድርጋ ምክር ፍለጋ ወጣች።

አህያ ከደጅ ቆማ ገለባ ታኝካለች።

«እማማ አህያ፣ እርስዎ ሲያሳክክዎት ምን ያደርጋሉ?»

«እንከባለላለሁ ነዋ! አቧራ ላይ፣ ወዲያ ወዲህ። ይሄ ምን ምክር ይፈልጋል?»

ድመቷ ተንከባለለች። አቧራው ቁስሏ ውስጥ ገብቶ እንደ እሳት ለበለባት።

«እንግዲህ ቆዳሽ ስስ ከሆነ እኔ ምን ላድርግሽ» አለችና አህያ ወደ ገለባዋ ተመለሰች።

ከአጥሩ ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ጅብ ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ።

«ያስቸገረሽ ቆዳሽ ነው አሉ?»

«አዎ፣ አያ ጅቦ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ቆዳውን ለእኔ ስጪና ተገላገዪ!»

«ያለ ቆዳማ እሞታለሁ!»

«ስትሞቺ የቀረውን እበላዋለሁ፤ አይዞሽ፣ ምንም አይባክንም» አለ ጅብ ከልቡ።

ይህን ሁሉ ቀበሮ ተደብቃ ትሰማ ነበር። የእትዬ ተዋቡን ዶሮዎች ከተመኘች ቆይታለች፤ ነገር ግን ወደ ዶሮዎቹ ቤት በተጠጋች ቁጥር ድመቷ ትጮህና ውሻው ይነሳባታል። ስለዚህ አንድ ጣሳ በአፏ አንጠልጥላ መጣች። ጣሳው ውስጥ ሰው የጣለው የፋኖስ ጋዝ ነበረ።

«የኔ ቆንጆ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? እኔ እያለሁ ትሰቃያለሽ? ይህን ጀርባሽን ጥግብ አድርገሽ ተቀቢው። ከነገ ወዲያ ማሳከክ የሚባል አታውቂም!»

በዚህስ አልዋሸችም።

ሽታው የድመቷን አፍንጫ ሰነፈጠው። ቢሆንም ቅዳሜ ትዝ ሲላት እጇን ወደ ጣሳው ሰደደች። ይሄኔ ጅብ ከቁጥቋጦው ዘሎ ወጣ።

«ጥሩ ነገር ሲገኝ ከእኔ ትደብቃላችሁ?» አለና ጣሳውን በአንድ ትንፋሽ ገለበጠው። ወዲያው ዓይኑ ፈጠጠ። «ሆዴ! ሆዴ ተቃጠለ!» እያለ ወደ ወንዙ ሮጠ።

«አንተ ጅል! የሚቀባ እንጂ የሚጠጣ ማን አለህ!» ብላ ቀበሮ ጮኸችበት።

ድመቷ እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበች።

«እትዬ ቀበሮ፣ እኔ ገላዬን የማጸዳው በምንድን ነው?»

«በምላስሽ ነዋ፣ ይሄ ይጠየቃል?»

«እንግዲያው ጀርባዬን የቀባሁት መድኃኒት ማምሻውን የት ይገባል?»

ቀበሮ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «እኔ እንኳ ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል» ብላ ጅራቷን ጎትታ ሄደች።

ድመቷ ዓርብን ሙሉ ጎተራው ሥር ቁጭ ብላ አሰበች። የሚያሳክካትን ሳታውቅ የምትቀባውን መፈለጓ ነበር ስህተቱ። ክረምት ሲመጣ የሚለወጠው ምንድን ነው? በበጋ ውጭ ድንጋይ ላይ ትተኛለች። ዝናቡ ሲጀምር ግን መቻል ከሚባለው ውሻ ጋር አሮጌው ጆንያ ላይ ተጠጋግተው ይተኛሉ። ጆንያውን ጠጋ ብላ አየችው፤ ጥቁር ፍርፋሪ ሞልቶታል። በረጠበ እጇ ስትነካው ፍርፋሪው እንደ ደም ቀላ። አንድ ትንሽ ነገርም ዘሎ ተሰወረ።

«ቁንጫ!» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ጆንያውን በጥርሷ ነክሳ እየጎተተች እትዬ ተዋቡ ደጃፍ ላይ ጣለችው። ሊለቋት ቅርጫት ይዘው የወጡት እትዬ ተዋቡ ጆንያውን ሊያነሱ ሲሉ ክንዳቸው ላይ ቁንጫ ዘለለባቸው።

«ውይ! ለካ ይሄ ነው የሚበላሽ! እኔ ደግሞ ምን ዓይነት በሽታ ነው ብዬ!»

ቅርጫቱን ወደ ጓዳ መለሱት። ጆንያውን በፈላ ውሃ ዘፍዝፈው ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ ውሻውና ድመቷ የሚተኙበትንም ቦታ ጠርገው አጸዱት። ሳፋ አውጥተው ለብ ያለ ውሃ ሞሉና መቻልን አጠቡት፤ በቀጭን ማበጠሪያም አበጠሩት።

«አንቺም ነይ» አሏት ድመቷን። «ብትቧጭሪኝ ግን ያው ቁንጫሽን ተሸክመሽ ትቀሪያለሽ። በሳምንት ውስጥ ካልተሻለሽ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ያይሻል።»

ድመቷ ውሃውን አየችው። ከጅብ ይልቅ ውሃ ትፈራ ነበር። ጀርባዋን አየች፤ ውሃውን ደግማ አየች። ከዚያም ማንም ሳይዛት፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣጥፋ፣ በራሷ እግር ሳፋው ውስጥ ልትገባ ቆረጠች፤ ገባችም።

ከዚህ የምንማረው፣ የሕመማችንን ምንጭ ሳናውቅ ሰው ያቀበለንን መድኃኒት ሁሉ ከመቀባት፣ ምንጩን ፈልገን የምንፈራውን ትክክለኛ መፍትሔ ደፍረን መቀበል እንደሚሻል ነው።