ጉሬዛ የተቀመጠበት ግንድ

ኑ ልጆች፣ ኳሱን አስቀምጡና ወደ እኔ ቅረቡ። ልምምዱ አያመልጣችሁም። ሦስት ቀን ሙሉ ሳያችሁ ሰነበትኩ፤ ከአግዳሚው ጫፍ ያለችውን ቦታ ማንም አይቀመጥባትም። ተጠባባቂያችሁን ድንቅነህን ከቀበርን ዛሬ ሁለት ሳምንታችን። ስሙን አታነሱም፤ ኳስ ስትስቱ ግን ሁላችሁም ወደዚያች ቦታ ዞር ትላላችሁ። እኔ የሜዳ ዘበኛ ነኝ፤ ቅርጫት ኳስ ማስተማር አላውቅም። የማውቀው ተረት ነው። «ተረት» ስል «የመሠረት» የሚለኝ ማን ነው? አልሰማሁም! እሺ፣ በዝግታም ቢሆን አላችሁኝ፤ ይበቃል።

ድንጋይ ሲናገር ሰሚ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር ሁለት ወገኖች ይኖሩ ነበር። አንደኛው የጥሻው ወገን፣ ሁለተኛው የሜዳው ወገን። በመካከላቸው አንዲት ኩሬ ነበረች። በክረምት ለሁሉም ትበቃለች። በጋ ሲመጣ ግን ትጎድላለች። ያኔ ቀድሞ የጠጣ ጥሩውን ይጠጣል፤ ኋላ የጠጣ ጭቃ ይልሳል።

ድሮ ድሮ በቀንድና በጥርስ ይዋጉባት ነበር። ብዙ እናቶች አለቀሱ። በኋላ ሽማግሌዎች ተቀምጠው መከሩና «ደም ከሚፈስ ላብ ይፍሰስ» አሉ። በሁለት ዋርካዎች ላይ ሁለት ቅርጫት ሰቀሉ፤ ከቆዳም ኳስ ሰፉ። በበጋ ወር በገባ ቁጥር አምስት ከዚህ፣ አምስት ከዚያ ይጋጠማሉ። ያሸነፈው ወገን ወሩን ሙሉ ቀድሞ ይጠጣል። ቀጭኔ እንዳትጫወት ተከለከለች። ቅርጫቱ ከአገጯ ስር ነው፤ ምን ጨዋታ አለ? ስለዚህ ዳኛ አደረጓት።

የጥሻው ወገን አለቃ ጎሽ ነበር፤ ከቅርጫቱ ስር ቆሞ ማንንም አያሳልፍም። ሰጎን ከላይ የመጣውን ትቀልባለች። ሚዳቋ ትሮጣለች። ከርከሮ ጥሶ ይገባል። ዝንጀሮ አልሞ ይወረውራል። አምስት ናቸው፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቦታ።

ስድስተኛው ጉሬዛ ነበር። ጉሬዛ ቦታ የለውም። ከሜዳው ዳር፣ በወደቀ የዋንዛ ግንድ ላይ ይቀመጣል። ጎሽ ሲደክመው ይነሣና የጎሽን ቦታ ይይዛል። ሰጎን ስትደክም ይነሣና የሰጎንን ቦታ ይይዛል። ሚዳቋ ስታነክስ ይነሣና እንደ ሚዳቋ ይሮጣል። ያረፈው ሲመለስ ደግሞ ምንም ሳይል ሄዶ ግንዱ ላይ ይቀመጣል።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ባሸነፉ ቀን፣ ውሃ ከመጠጣታቸው በፊት አምስቱ በየተራ ይፎክራሉ። ጎሽ «እኔ ጎሽ፣ የቅርጫቱ በር!» ይላል። ከርከሮ «እኔ ከርከሮ፣ አጥሩን ሰባሪ!» ይላል። ሁሉም ቦታውን እየጠራ ይፎክራል። ጉሬዛ ግን አይፎክርም። «ቦታ የሌለው ፉከራ የለውም» የሚል ደንብ ነበራቸው። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ መጥፎ ደንብ መቼም አባት የለውም። ጉሬዛ ነጭ ካባውን አራግፎ፣ እነሱ እስኪጨርሱ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ከሁሉም በኋላ ይጠጣል።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊያበቃ ሲል፣ ጉሬዛ ወንዝ በመሻገር ላይ እያለ ደራሽ ውሃ መጣና ወሰደው። ሦስት ቀን ፈለጉት፤ አላገኙትም። አለቀሱ። ከልባቸው ነው ያለቀሱት፣ አልዋሽም። ምን እንዳጡ ግን ገና አላወቁም ነበር።

ጥር ገባ፤ የመጀመሪያው ግጥሚያ ደረሰ። ጎሽ «ጉሬዛን የሚመስል ፈልጉ» አለ። ፈለጉና እመት ጦጢትን አገኙ። እጇ እንደ ጉሬዛ እጅ፣ ጅራቷም እንደ ጉሬዛ ጅራት ረጅም። ደስ ብሏቸው ግንዱ ላይ አስቀመጧት።

ጨዋታው ሲጋጋል ከርከሮ ደከመውና ጦጢት ገባች። ልትቀልብ ዘላ ኳሷ አመለጠቻት። «ጉሬዛ ቢሆን ይይዛት ነበር» አለ ጎሽ። ወረወረች፤ ኳሷ የቅርጫቱን ጎን መትታ ወጣች። «ጉሬዛ ቢሆን አይስትም ነበር» አለ ዝንጀሮ። ሮጠች፤ ተቀደመች። ሰጎን አንገቷን አስግጋ «ጉሬዛ ቢሆን...» ስትል ጦጢት ኳሷን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ጌቶቼ» አለች፣ «የጠራችሁት እኔን ነው፤ የምታዩት ግን እሱን ነው። እኔ የሞተ መሆን አልችልም። በሕይወት ያለሁ ጦጣ ነኝ።»

ይህን ብላ ወደ ዛፏ ወጣች። የጥሻው ወገን ተሸነፈ። ጥርን ሙሉ ከሜዳው ወገን በኋላ ጠጡ።

የካቲት ገባ። ኩሬዋ ይበልጥ ጎደለች። ጎሽ ጓደኞቹን ሰብስቦ መሬቱን በኮቴው እየመታ ተናገረ።

«ያሸነፈን መቀመጥ ነው! ከእንግዲህ ግንዱ ላይ ማንም አይቀመጥም። አምስት ነን፤ አምስታችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንቆማለን።»

ሚዳቋ «ቢደክመንስ፣ አያ ጎሽ?» አለች።

«አይደክመንም።»

«ብንወድቅስ?»

«አንወድቅም።»

«አንተ ራስህ ብትወድቅስ?»

ጎሽ ተቆጣና ጀርባውን ሰጣት።

የሜዳው ወገን ከነተጠባባቂው መጣ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። የጥሻው ወገን ግን እነዚያው አምስት። መጀመሪያ ከርከሮ ሳል ጀመረው። ቀጥሎ ሚዳቋ ማንከስ ጀመረች። በመጨረሻ፣ የሜዳው ወገን አለቃ አያ ጅቦ ኳሷን ይዞ ሲመጣ፣ ጎሽ ከቅርጫቱ ስር በፊት እግሮቹ ተንበረከከ። አያ ጅቦ በላዩ ዘለለ። ኳሷ በጎሽ ራስ ላይ ስታልፍ «ይቅር በለኝ ጎሽ፤ እኔ ወደ ወረወሩኝ ነው የምሄደው» አለችው። ቅርጫቷም «ገባ» አለች።

የካቲትንም ሙሉ ጭቃ ጠጡ። ጎሽ አንድ ጥጃ ነበረው፤ በዚያው ክረምት የተወለደ። ጭቃው ሆዱን ነፋው። መጀመሪያ መጫወት ተወ፤ ቀጥሎ መጥባት ተወ፤ በመጨረሻ መነሣት ተወ። እናቱ ግንባሩን እየላሰች «አንተ ሰውዬ፣ መጋቢትንም ጭቃ ከጠጣ ሚያዝያን አያያትም» አለች። ሰውዬ ያለችው ጎሹን ነው፤ ሚስት ስትጨንቃት እንዲህ ትላለች።

ጎሽ ይህን ሰምቶ ከቤት ወጣ። የሚያደርገው ጠፋው። ንዴቱን የሚወጣበት ሲፈልግ ግንዱን አየ።

«አንተ ግንድ!» ብሎ ጮኸ። «አንተ ነህ ያጠፋኸን! እሱን አስቀምጠህ አስለመድከን፤ አሁን አንተን ባየን ቁጥር ጉልበታችን ይከዳናል። ሰብሬ እጥልሃለሁ!» ቀንዱን አዘነበለ።

ግንዱ ተናገረ። «ስበረኝ። እኔ ከሞትኩ ቆይቻለሁ፤ አያመኝም። ከመስበርህ በፊት ግን ሦስት ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቅ።»

«ጉሬዛ እዚህ ተቀምጦ ምን ይሠራ ነበር?»

«ያርፍ ነበራ!»

«አንድ ቀንም አላረፈም። ትንፋሻችሁን ያዳምጥ ነበር። ‹የጎሽ ግራ ትከሻ ዝቅ አለ፣ አሁን ደክሞታል› ይለኛል፤ አንተ ሳታውቀው እሱ ከላዬ ይነሣል። አያ ጅቦ ኳስ ሊወረውር ሲል የትኛው ጆሮው እንደሚታጠፍ እንኳ ያውቅ ነበር።»

«የትኛው ነው የሚታጠፈው?» አለ ጎሽ ቶሎ ብሎ።

«እኔ ግንድ ነኝ፣ ዓይን የለኝም። ተቀምጠህ እይ። ሁለተኛውን ልጠይቅህ። ጠዋት ጠዋት የት ይሄድ ነበር?»

ጎሽ አሰበ። «አንድ ጠዋት እኔ ቤት መጥቶ ነበር። ‹አያ ጎሽ፣ እግርህን እንዴት ነው የምትተክለው? አሳየኝ› አለኝ። ጊዜ የተረፈው መስሎኝ ሳቅኩበት።»

«የሁላችሁንም ደጅ እንዲሁ ረግጧል። ሁላችሁም ስቃችሁበታል። ሦስተኛው ይኸውልህ፤ ስትፎክሩ አንድ ቀን ስሙን ጠርታችሁታል?»

ጎሽ ቀንዱን ከግንዱ ላይ አነሣ። ከአጠገቡም ተኛ። ያ ትልቅ እንስሳ እንደ ጥጃ አለቀሰ። ጉሬዛ የሞተ ጊዜ ያለቀሰው ለራሱ ነበር፤ አሁን ግን ለጉሬዛ አለቀሰ።

ሲበቃው «ምን ባደርግ ይሻለኛል?» አለ።

«እሱን የሚመስል አትፈልግ፤ አታገኝም። ሥራውን ግን ተካፈሉት። ቦታዬንም ባዶ አታድርጉት፣ ብርድ አለው» አለ ግንዱ።

ጎሽ በማግስቱ ወደ ጦጢት ዛፍ ሄደ። ቀና ብሎ «እመት ጦጢት፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ተመለሽልን። እንደ ጉሬዛ አትጫወቺ፤ እንደ ጦጣ ተጫወቺ» አላት። ጦጢት ጥቂት ኮራችበት። ቀጥላ ወረደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስቱም ጠዋት ጠዋት ደጅ ለደጅ መዞር ጀመሩ። ሰጎን ጎሽ ቤት ሄዳ «እግርህን እንዴት ነው የምትተክለው?» አለች። ጎሽ ሚዳቋ ቤት ሄዶ መታጠፍ ተማረ፤ መንደሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ። ከርከሮ ዝንጀሮ ቤት ሄዶ ማለም ተማረ። የመጀመሪያው ውርወራው የቀጭኔን ጉልበት መታ። ቀጭኔ «ዳኛ አይመታም!» ብላ ተቆጣች። ጉሬዛ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ስቀውም ደነገጡ። ከዚያ ዝንጀሮ «እሱም ይስቅ ነበር» አለ። የጉሬዛን ነገር ያን ዕለት ማውራት ጀመሩ።

መጋቢት ገባ። ኩሬዋ ጠባ የዝሆን ዱካ አከለች። ቀድሞ የጠጣ ይተርፋል፤ ለኋለኛው ጭቃውም አይደርሰውም።

ቀጭኔ ጨዋታውን አስጀመረች። የሜዳው ወገን ወደ ግንዱ ሲያይ ማን ተቀምጧል? ጎሽ! አያ ጅቦ በሳቅ ፈረሰ። «አለቃው ተቀመጠ! ጉድ እኮ ነው፣ ወታደር ቆሞ ንጉሥ ያርፋል!»

ጎሽ ከግንዱ አልተነሣም። ኩራቱ እየቆጠቆጠው ተቀምጦ አዳመጠ። የሚዳቋ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ሰማ። አያ ጅቦንም አየ፤ ሊወረውር ሲል ቀኝ ጆሮው ታጠፈች፤ ኳሷም ወደ ግራ ሄደች። ሁለተኛ አየ፤ እንደዚያው። ሦስተኛ አየ፤ እንደዚያው።

ተነሣና «ሚዳቋ፣ ነይ ተቀመጪ» አለ። በሚዳቋ ቦታ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ሰጎን በጎሽ ቦታ፣ ጦጢት በሰጎን ቦታ፣ ዝንጀሮ ግንዱ ላይ ሆነ። የሜዳው ወገን ግራ ገባው። አያ ጅቦ «ተጠባባቂያችሁ የትኛው ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ተራ የደረሰው ነው» አለ ጎሽ።

ጎን ለጎን ሄዱ፤ ሲገባባቸው ሲያስገቡ እኩል ደረሱ። በመጨረሻ አያ ጅቦ ኳሷን ያዘ። ቀኝ ጆሮው ታጠፈች። ጎሽ ወደ ግራ ዘለለና ነጠቀው። ቅርጫቱ ከፊቱ ነው። የጥጃው ሕይወት በእጁ ነው። ግን ማለም የእሱ ሙያ አልነበረም፤ ይህንንም ግንዱ ላይ ተቀምጦ አውቆታል። ኳሷን ለከርከሮ ሰጠ። ያ አጥር ሰባሪ፣ ያ ዳኛ መቺ ከርከሮ፣ ቆመ፤ አለመ፤ ወረወረ።

ቅርጫቷ ዝም አለች። ዝም አለች። ከዚያ «ገባ» አለች።

ጥጃውን አምጥተው ጥሩውን ውሃ አጠጡት። ጠጥቶ ቀና አለ፤ እናቱን ፈለገ። ጎሽም አያ ጅቦን «ቀድመን እንጠጣለን፤ አንጨርሰውም» አለው።

የፉከራው ሰዓት ደረሰ። ከርከሮ ይፎክራል ብለው ጠበቁ፤ ዝም አለ። ሰጎን ዝም አለች። አምስቱም ዝም አሉና ጎሽን አዩት። ጎሽ ውሃ በአፉ ይዞ ወደ ግንዱ ሄደና ጉሬዛ ይቀመጥባት በነበረችው ቦታ ላይ አፈሰሰው። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ቦታ የለህ ስንለው፣ ቦታችንን ያዘ፤
ሲደክመን የገባ፣ ሳንጠራው ተጓዘ።
ጉሬዛ! ጉሬዛ! ጉሬዛ!»

የሜዳው ወገን እንኳ ራሱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር ፉከራ የሚጀመረው ግንዱ ላይ ከተቀመጠው ነው።

እኔም ተረቴን እዚህ አኖርኩ፤ ለአፌ ዳቦው ይቅርና ውሃ አቀብሉኝ። በሉ ተነሡ። አንተ ወንድይፍራው ግን ቆይ። አምበላቸው አንተ ነህ፤ ዛሬ በድንቅነህ ቦታ ቀድመህ የምትቀመጠውም አንተ ነህ። አልቅስ፣ ማንም አይከለክልህም። ዓይንህን ግን ከሜዳው አታንሣ፤ የጓደኞችህን ትንፋሽ ስማ።

የጎደለ ቦታ በልቅሶ አይሞላም፤ ተራ በተራ ይቀመጡበታል።