አንድ ዙር ከሻምበል ጉልላት ጋር

አፉ የማያርፍ አንድ ወያላ ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ ፑል ቤት ደጃፍ ቁጭ ብሎ ቦክሰኞችን በወሬ ያጋጥማል። አንድ ቀን፣ «ጎረቤቴ ሻምበል ጉልላት በጉብዝናቸው ዘመን ከዛሬው የዓለም ሻምፒዮን ጋር ቢገጥሙ፣ አንድ ዙር አይጨርሱም!» ብሎ ሲፈርድ፣ የቀድሞው የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ሻምበል ራሳቸው ለካ ከኋላው ቆመዋል።

እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ «ተነሳ! ወይ አንድ ዙር ትገጥመኛለህ፣ ወይ በሰው ፊት ጫማዬን ትስማለህ» አሉት።

ወያላው ብድግ ብሎ እንዲህ አለ፦

«እሺ ጋሼ፣ ግን በሕጉ ይሁን። ከባድ ሚዛን የሚገጥመው ከባድ ሚዛንን ነው። እኔ ከነጃኬቴ የእርስዎን ግማሽ አልሞላም፤ የጎደለውን እናቴ ትሙላልኝ። እኔስ ገና ሳይነኩኝ እወድቃለሁ። እሷን ግን አንዴ ከጀመረች ደወል አያስቆማትም፤ እርስዎም በግድግዳው በኩል ሲሰሟት ኖረዋል።»

ሻምበል ጡጫቸውን ፈቱ። «ሂድ ወዲያ!» አሉት፤ እሱንም ቀስ ብለው።