ቤቱን ያቆመው ግርማ

ፊታውራሪ ጓንጉል ልጃቸውን ሊድሩ ሲነሡ ቤታቸው ለዕድምተኛው ጠበባቸው። አዳራሹንና እልፍኙን የሚለየውን ግድግዳ በዚያው ቀን እንዲያፈርስላቸው አንድ ግንበኛ አስጠሩ።

ግንበኛው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና፣ «ጌታዬ፣ የጣሪያው አግዳሚ ያረፈው በዚህ ግድግዳ ላይ ነው። መጀመሪያ ባላ አስገብተን እንደግፈው። ሁለት ቀን ቢሰጡኝ ይበቃኛል» አላቸው።

ፊታውራሪ ተቆጡ። «የገዛ ቤቴ እኔን እንቢ ሊለኝ ነው?» ብለው ወደ ባለሟሎቻቸው ዞሩ። «እስቲ ንገሩት፣ ይህን ቤት ያቆመው ይህ ጭቃ ነው?»

«ኧረ ምን ሲደረግ» አሉ ባለሟሎቹ ባንድ ድምፅ። «ይህን ቤት ያቆመው የጌታችን ግርማ ነው።»

«ሰማህ? በል አፍርስ» አሉና ፊታውራሪ አቧራውን ሽሽት ወደ ደጅ አመሩ። ባለሟሎቹም ተከተሏቸው።

ግንበኛው ዶማውን እንደያዘ በሩ ላይ ቀደማቸውና እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እርስዎማ እንዳይወጡ። ግድግዳው ከፈረሰ ቤቱን የሚይዘው የእርስዎ ግርማ ብቻ ነው። እኔ ሳፈርስ እዚሁ መሐል ላይ ይቁሙልኝ። በሠርጉም ዕለት አደራዎን፣ ለሽንት እንኳ ብቅ ያሉ እንደሆነ ዕድምተኛው ከነሙሽሪት ማለቁ ነው።»